ጨረቃ ላይ ማን ቆፈረ?

ድሬዳዋ ከዚራ አካባቢ የሚያስተምሩ አንባቢ ይጠይቃሉ፦ «ተማሪዎቼ ስለ ጨረቃ ሲያነቡ ‹ጉድጓድ› የሚለው ላይ ደርሰው ‹ማን ቆፈረው?› አሉኝ። ሌላ ጽሑፍ ደግሞ ‹የእሳተ ገሞራ አፍ› ይለዋል። የቱ ነው ልክ?»

መምህርት፣ ልጆቹ ዋናውን ነገር ነው የጠየቁት። «የእሳተ ገሞራ አፍ» የሚለውን ይተዉት። ድሮ ብዙ የሥነ ፈለክ ሰዎችም እንደዚያ ያስቡ ነበር። አሁን ግን የጨረቃ ጉድጓዶች ከሞላ ጎደል ሁሉም ከጠፈር የመጣ ድንጋይ ሲመታት የተፈጠሩ መሆናቸው ታውቋል።

«ጉድጓድ» ደህና ቃል ነው። ችግሩ፣ ጆሯችን ጉድጓድ ሲሰማ ዶማና አካፋ አብረው ይመጡበታል፤ የውሃ ጉድጓድ፣ የሽንት ቤት ጉድጓድ። ስለዚህ ግሱ ላይ ይጠንቀቁ። «ተቆፈረ» አይበሉ። «ተበሳ»ም አይሆንም፣ የተበሳ ነገር ወዲያ ማዶ ያሳያል። «ሰረጎደ» ትንሽ ይቀርባል፣ ድስት ወድቆ ሲሰረጎድ እንደምንለው፤ ግን የተሰረጎደ ድስት ወደ ውስጥ ገባ እንጂ ምንም አልረጨም። ጨረቃ ላይ ድንጋዩ በሰከንድ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ እየተምዘገዘገ ሲያርፍ እንደ ቦምብ ይፈነዳል፣ ራሱም አብዛኛው ቀልጦ ይተናል፣ መሬቱን ያጎደጉድና አለቱን ዙሪያውን ይረጨዋል። ጠርዙ ከፍ ያለው ለዚህ ነው። ጉድጓዱም ከድንጋዩ ከ10 እስከ 20 እጥፍ ይሰፋል፤ ታይኮ የሚባለው 85 ኪሎ ሜትር ስፋት አለው።

የደቻቱ ወንዝ ደርቆ ሳለ ልጆቹን ይዘው ይውረዱ። ደቃቁ አሸዋ ላይ ጠጠር ከላይ ይልቀቁ። መሃሉ ጎድጎድ ይላል፣ ዙሪያው እንደ ከንፈር ቀና ይላል፣ ጥቂት አሸዋም ራቅ ብሎ ይበተናል። አግድም ሲወረውሩት ግን ጉድጓዱ ይረዝማል። ጨረቃ ላይ ድንጋዩ አግድም ቢመጣም፣ በጣም ካልተጋደመ በቀር ጉድጓዱ ክብ ነው፤ የሚሠራው ፍንዳታው ነዋ። የእናንተን ጉድጓድ ደቻቱ አንዴ ሲሞላ ይጠርገዋል፣ ጨረቃ ግን ዝናብም ጎርፍም ስለሌላት የቢሊዮን ዓመታቱ ሳይቀር አለ።

በእንግሊዝኛው «ክሬተር»ም ቢሉ አልቃወምም። ቃሉ ከግሪክ ነው፣ ወይን ከውሃ የሚቀላቀልበት ጎድጓዳ ዕቃ ማለት ነው፤ የእኛን ጎድጓዳ ሳህን ያስታውሳል። እኔ ግን መጀመሪያ ላይ «የግጭት ጉድጓድ»፣ ከዚያ በኋላ «ጉድጓድ» ብቻ እላለሁ። ልጆቹንም «አቦ፣ ማንም አልቆፈረውም፣ ድንጋይ መትቶት ነው» ይበሏቸው።