የባትሪ ውሃ ከምንጠጣው ውሃ ይበልጥ ንጹሕ ከሆነ ለምን አይጠጣም?

ጥያቄ፦ በአዳማ ከተማ በታክሲ ሥራ የምተዳደር አንባቢያችሁ ነኝ። ሰሞኑን የመኪናዬ ባትሪ ውሃ ጎድሎ ስላገኘሁት በእጄ የነበረውን ሃይላንድ ልጨምርበት ስል ኤሌክትሪሻኑ «ይሄ ንጹሕ አይደለም፤ ባትሪህን ይገድለዋል» ብሎ ከለከለኝ። ለልጆቼ የማጠጣው የታሸገ ውሃ ለባትሪ ንጹሕ ካልሆነ ለሰው እንዴት ንጹሕ ሊሆን ይችላል? የባትሪው ውሃ ይበልጥ ንጹሕ ከሆነስ ለምን አንጠጣውም? ደግሞም እኛ ቤት የጉድጓድ ውሃ ስንጠቀም አፍልተን ነው፤ ማፍላቱ ውሃውን ንጹሕ ያደርገዋል ወይ?
አንባቢ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ኤሌክትሪሻኑ ልክ ነው፤ የእርስዎም ጥያቄ ተገቢ ነው። ግራ ያጋባዎት «ንጹሕ» የሚለው ቃል ሁለት ሚዛን ያለው በመሆኑ ነው። ኬሚስት ንጹሕ ውሃ ሲል ከራሱ ከውሃው በቀር ምንም ያልተቀላቀለበትን ማለቱ ሲሆን፣ የጤና ባለሙያ ንጹሕ የሚለው ግን የሚጠጣውን ሰው የማይጎዳውን ውሃ ነው። በመጀመሪያው ሚዛን ከተመዘነ የቧንቧውም ሆነ የታሸገው ውሃ ድብልቅ ነው፤ በሁለተኛው ሚዛን ግን ያው ድብልቅ ለልጆችዎ የሚስማማ መልካም መጠጥ ሊሆን ይችላል።

ውሃ ብዙ ነገር የማሟሟት ጠባይ ስላለው በተፈጥሮ ብቻውን አይገኝም። ዝናቡ ገና ከደመና ሲወርድ ካርቦን ዳይኦክሳይድና አቧራ ይዞ ይመጣል፤ መሬት ገብቶ በአለት መካከል ሲያልፍ ደግሞ ካልሲየም፣ ማግኒዥየም፣ ሶዲየምና ሌሎች ማዕድናትን አሟሙቶ ይወጣል። በዚህ ላይ ከማጣሪያ ጣቢያው እስከ ቤታችን ባለው ረጅም ቧንቧ ውስጥ ጀርም እንዳይራባበት ታስቦ ክሎሪን ይጨመርበታል። በሻይ ማፍያችን ውስጥ ውሎ አድሮ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ከዚሁ ውሃ የቀረ ማዕድን ሲሆን፣ አብዛኛው የኖራ ድንጋይ የተሠራበት ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ልዩነቱን በዓይንዎ ማየት ከፈለጉ በደንብ በተወለወለ መስታወት ላይ አንድ ጠብታ የቧንቧ ውሃና አንድ ጠብታ የባትሪ ውሃ ጎን ለጎን አድርገው ፀሐይ ላይ ያኑሩት። ሲደርቅ የቧንቧው ነጣ ያለ ቀለበት ትቶ ይሄዳል፤ የባትሪው ግን በሚገባ የተነጠረ ከሆነ የነበረበት ቦታ እንኳ አይለይም።

አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው የባትሪ ውሃ አሠራር አይቸግረውም። ውሃው ይፈላል፣ እንፋሎቱ በቱቦ አልፎ ይቀዘቅዛል፣ ተመልሶም ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል፤ ማዕድኑ ግን መትነን ስለማይችል ከታች ይቀራል። በዛሬው ጊዜ ይህንኑ ሥራ እጅግ ጠባብ ቀዳዳ ባለው ስስ ማጣሪያ ውሃውን በግፊት በማሳለፍ የሚሠሩም አሉ። ጥራቱ የሚለካው ኤሌክትሪክ በማስተላለፍ ዓቅሙ ነው። ፍጹም ንጹሕ ውሃ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሴንቲሜትር 0.055 ማይክሮሲመንስ (የማስተላለፍ ዓቅም መለኪያ ነው) ብቻ ሲያስተላልፍ፣ የቧንቧ ውሃ አብዛኛውን ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠር ያስተላልፋል።

ባትሪዎ ውስጥ የእርሳስ ፕሌቶች በሰልፈሪክ አሲድና በውሃ ድብልቅ ተነክረው ይገኛሉ። ባትሪው ቻርጅ በሚያደርግበት ጊዜ ከውሃው ጥቂቱ ወደ ሃይድሮጂንና ኦክስጂን ተለያይቶ ይወጣል፣ ጥቂቱም በሙቀት ይተናል፤ አሲዱ ግን በቦታው ይቀራል። ሲጎድል የሚጨመረው ውሃ እንጂ አሲድ ያልሆነውም ለዚህ ነው። የጨመሩት ሃይላንድ ከሆነ ውሃው በሄደ ቁጥር ማዕድኑ ወደ ኋላ እየቀረ ይከማቻል፤ በተለይ ብረትና ክሎራይድ መኪናው ቆሞ ሳለ እንኳ ባትሪው ኃይሉን እንዲጨርስና ፕሌቶቹ ቶሎ እንዲበሉ ያደርጋሉ። ሰው ግን ኩላሊት አለው። ከምንጠጣው ውሃ የተረፈንን ማዕድን በሽንት እናስወግዳለን፤ ባትሪ ይህን ማድረግ አይችልም። እንዲያውም ኩላሊታቸው ሥራ ያቆመ ሕሙማን በማሽን ደማቸው ሲታጠብ፣ ለአንድ ጊዜ እጥበት ከ100 ሊትር በላይ የሚፈጀው ውሃ ክሎሪኑ ሳይቀር ወጥቶለት ወደ ባትሪ ውሃ የተጠጋ ጥራት እንዲኖረው ግድ ነው።

የተነጠረ ውሃ መርዝ ነው የሚባለው ግን እውነት አይደለም። አንድ ብርጭቆ ቢጠጡ ሆድዎ ውስጥ ከምግቡ ጋር ይቀላቀላል፤ ከሚያስፈልገን ማዕድን አብዛኛውን የምናገኘውም ከምግብ ነው። ሆኖም ጣዕም የለውም፣ ከውሃ የምናገኘውን ካልሲየምና ማግኒዥየምም ያስቀርብናል። በባትሪ ቤት የሚሸጠው ደግሞ ለመጠጥ ታስቦ ስላልተዘጋጀ ጀሪካኑ ቀድሞ ምን እንደያዘ ማንም ዋስትና አይሰጥዎትም። ይህ ብቻውን እንዳይጠጡት በቂ ምክንያት ነው፤ ልጆች በማይደርሱበት ቦታም ያስቀምጡት።

ከሁሉ ይልቅ አጥብቄ ልመልስልዎ የምፈልገው የመጨረሻውን ጥያቄዎን ነው፤ እርስዎ ያሉት በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነውና። ማፍላት ጀርምን ይገድላል፤ ለዚህም የሚተካከለው ቀላል ዘዴ ጥቂት ነው። ነገር ግን በውሃው ውስጥ የሟሟውን ነገር አያስወጣም። በስምጥ ሸለቆ ከእሳተ ገሞራ አለት ውስጥ የሚወጣው የጉድጓድ ውሃ በብዙ ቦታ ፍሎራይድ የተባለ ማዕድን የበዛበት ነው፤ ወንጂ በዚህ ከታወቁት አካባቢዎች አንዷ ናት። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ከዚህ የበዛውን ሲጠጡ የሚያድጉ ልጆች ጥርሳቸው ይበልዛል፤ መጠኑ ከፍ ያለውን ለብዙ ዓመታት የጠጡ ሰዎች ደግሞ አጥንታቸው እየደነደነ ወገባቸውንና አንገታቸውን ማዘዝ ይሳናቸዋል። እንዲህ ያለው ውሃ ሲታይ ኩልል ያለ ነው፤ ሽታም ሆነ የተለየ ጣዕም የለውም። ሲፈላ ውሃው ይተናል፣ ፍሎራይዱ ግን ይቀራል፤ በግማሽ እስኪቀር ድረስ ቢያፈሉት በእያንዳንዱ ሊትር ያለው መጠን እጥፍ ይሆናል። በልጅነት የበለዘ ጥርስ ተመልሶ አይጠራም፤ የሚጎዳውም ጥርሱ በድድ ውስጥ ገና እየተሠራ ሳለ፣ በግምት እስከ 8 ዓመት ባለው ዕድሜ ስለሆነ መዘግየት አያስፈልግም።

ስለዚህ ጉድጓዱ የፍሎራይድ ምርመራ ተደርጎለት እንደሆነና ቁጥሩ ስንት እንደወጣ ከአካባቢዎ የውሃ ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። ከ1.5 በላይ ከሆነ ለመጠጥና ለምግብ ማብሰያ የሚሆነውን ከሌላ ምንጭ ያምጡ፤ በስምጥ ሸለቆ አንዳንድ ቀበሌዎች ፍሎራይድን የሚይዝ ከከብት አጥንት የተከሰለ ማጣሪያም ሥራ ላይ ውሏል። ለልብስና ለዕቃ እጥበት ግን ያው የጉድጓድ ውሃ ይበቃል። የታሸገ ውሃ ሲገዙም ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ያንብቡት፤ ከካልሲየሙና ከሶዲየሙ ጋር የፍሎራይዱም መጠን በሚሊግራም ተጽፎ ከሆነ መጀመሪያ የሚያዩት እርሱን ይሁን።