«ኦማ» የሚል ሁሉ ካንሰር ነው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የ22 ዓመት እህቴ ጡቷ ላይ እብጠት ወጥቶባት በመርፌ ናሙና ወሰዱላት። ውጤቱ «ፋይብሮአዴኖማ» ይላል። ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ «ኦማ» ማለት ዕጢ ነው የሚል አገኘሁ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ጎረቤታችን ደግሞ «ቢላ ከነካው ይሰራጫል፣ እንዳታስቀድዷት» ትላለች። ምን ይሻለናል?
ታላቅ እህት፣ ከደሴ

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ተኚ። ፋይብሮአዴኖማ ካንሰር አይደለም።

እኔ ፓቶሎጂስት ነኝ። ናሙናውን በማይክሮስኮፕ አይቼ ስም የምሰጠው እኔና መሰሎቼ ነን። ወረቀቱን የምንጽፈው ለሐኪሙ ነው። ቀድሞ የሚያነበው ግን ኮሪደር ላይ ስልኩን ይዞ የቆመ ቤተሰብ ነው።

«ኦማ» እብጠት መኖሩን ይናገራል እንጂ ክፉ ይሁን ደግ አይልም። ከፊቱ ያለውን እዪ። «ሊፖማ» ትከሻ ወይም ጀርባ ላይ ከቆዳ ሥር የሚወጣ የስብ እብጠት ነው። «ማዮማ» የማህፀን ጡንቻ ላይ የሚበቅለው ነው። ሁለቱም ቢናይን ናቸው፤ ድንበራቸውን ጥሰው ሌላ አካል ውስጥ አይገቡም። (ቢናይን ነው ማለት ግን አያስቸግርም ማለት አይደለም። ማዮማ ደም እያፈሰሰ ስንቷን ሴት ደም ማነስ ላይ ጥሏል።)

ወረቀቱ ላይ «ካርሲኖማ» ወይም «ሳርኮማ» የሚል ካየሽ ያኔ ነገሩ ሌላ ነው። ካርሲኖማ ከቆዳ፣ ከአንጀት ውስጠኛ ሽፋን፣ ከጡት ወተት ቱቦና ከመሳሰሉት ይነሳል። ሳርኮማ ከአጥንት፣ ከጡንቻ፣ ከስብ። ስለዚህ «አዴኖማ» (ቢናይኑ) እና «አዴኖካርሲኖማ» (ካንሰሩ) የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ፤ በችኮላ ለሚያነብ ግን አንድ ይመስላሉ።

የሚያናድዱኝ ሁለት ስሞች አሉ፤ ሊምፎማ እና ሜላኖማ። ስማቸው የዋህ ነው፣ ሁለቱም ግን ካንሰር ናቸው። በተቃራኒው «ግራኑሎማ» ጭራሽ ዕጢ አይደለም፤ የሰውነት መከላከያ ህዋሳት ክምችት ነው። አገራችን ውስጥ ከአንገት እብጠት ናሙና ላይ ሲገኝ ብዙ ጊዜ ቲቢ ነው፤ በመድኃኒት ይድናል።

የእህትሽ ዓይነቱ ወጣት ሴቶች ላይ በብዛት ይታያል። በጣት ሲነካ ሸርተት ይላል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ህዋሳቱ ተያይዘው እንደ ንጣፍ ተዘርግተው ይገኛሉ። የካንሰር ህዋሳት ብዙ ጊዜ የተበታተኑ፣ መጠናቸውም የተዘበራረቀ ነው።

የጎረቤታችሁን ነገር በተመለከተ፦ ቢላ ቢናይኑን ካንሰር አያደርገውም። ወሬው የመጣው ካንሰር ካለበት ሰው ነው፦ ፈርቶ ይቆያል፣ በሽታው ከተሰራጨ በኋላ ይቀደዳል፣ ሲሞት ቢላው ይታማል።

አሁን ወረቀቱን ለላካት ሐኪም መልሱለት። መርፌ የሚወስደው ከአንድ ቦታ ስለሆነ፣ ሐኪሙ በእጁ የዳሰሰው፣ አልትራሳውንዱና የናሙናው ውጤት መስማማት አለባቸው። ከተስማሙና እብጠቱ ትንሽ ከሆነ፣ ሳይወጣ በየጊዜው በአልትራሳውንድ መከታተል ይቻላል። ካደገ ወይም ካስጨነቃት ይወጣል። ከወጣም «ወደ ፓቶሎጂ ይላክልን» በሉ፤ ባልዲ ውስጥ እንዳይቀር።