መልስ፦ በሐዋሳ መስማት ለተሳናቸው ችግረኛ ልጆች ትምህርት ቤት ገንዘብ እንዴት እናሰባስብ?

«የሆቴል እራት እናዘጋጅ ወይስ ሌላ መንገድ አለ?» ብለዋል። እኔ በእራት አልጀምርም፤ የአዳራሹና የምግቡ ወጪ ልጆቹ ዘንድ መድረስ የነበረበትን ገንዘብ ይበላል። ወደ እድሮች ይሂዱ። የእድሩ ዳኛ በወርሃዊው ስብሰባ አሥር ደቂቃ ከፈቀዱልዎ፣ በየወሩ ማዋጣት የለመደ ሰው ፊት ቆሙ ማለት ነው። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ለቅዱስ ገብርኤል ንግሥ ከየአገሩ ምእመናን ወደ ሐዋሳ ስለሚመጡ፣ ደብሩንም አስቀድመው ያነጋግሩ።

የሚጠይቁትን በዝርዝር ይናገሩ፦ የአንድ ልጅ የወር የባጃጅ ወጪ፣ ምሳ፣ ደብተር፣ ከሁሉም በላይ የምልክት ቋንቋ መምህር ደመወዝ። አብዛኞቹ ልጆች የሚወለዱት ምልክት ቋንቋ ከማያውቁ፣ ከሚሰሙ ወላጆች ነው፤ ብዙዎቹ የመጀመሪያ ቋንቋቸውን የሚያገኙት ትምህርት ቤት ገብተው ነው። በሰባት ዓመቱ ለእናቱ የሚያመውን መንገር ያልቻለ ልጅ ያስቡ! መምህሩ ከግድግዳ ቀለም ይቀድማል።

እባክዎ ልጆቹን መድረክ ላይ አቁመው ሰው አያስለቅሱ። መስማት የተሳነው ጎልማሳ ራሱ በአስተርጓሚ ይናገር።

ገንዘቡ በግለሰብ ስም አይግባ፤ በትምህርት ቤቱ ስም የተከፈተ፣ ሁለት ፈራሚ ያለው የባንክ ሒሳብ ይኑር። ድርጅት ካቋቋማችሁ ደግሞ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት የአስተዳደር ወጪያችሁ ከጠቅላላ ገቢያችሁ 20 በመቶ መብለጥ የለበትም።