መልስ፦ ብሩሽ ባይኖርሽም ይቻላል
«ብሩሽ ሳልገዛ ቤት ውስጥ ጥፍሬ ላይ ዲዛይን መሥራት እችላለሁ? ስሞክር ሁሌ ይጨማለቅብኛል» ላልሽው፣ በደንብ ትችያለሽ። የሚጨማለቀው ስለምትቸኩይ ነው። መጀመሪያ ጥፍርሽን በአሴቶን ጥረጊው፣ ቅባት ካለው ኩቴክሱ ቶሎ ይላጣል። ከዛ ቤዝ (ከቀለሙ ሥር የሚቀባውን)፣ ቀጥሎ ቀለሙን ስስ አድርገሽ ሁለቴ፤ አንዴ አወፍረሽ ከቀባሽው ላዩ የደረቀ ይመስላል እንጂ ውስጡ እርጥብ ነው። አበባ ምናምን ለጊዜው ተዪው። ሌላ ቀለም ፕላስቲክ ላይ ጠብ አድርጊና የስቴኪኒ ጫፍ ነክረሽ ጥፍርሽን ነካ አድርጊው። በቃ፣ ነጠብጣብ ወጣልሽ! አምስት ነጠብጣብ ክብ ሠርተሽ መሃሉ ላይ ሌላ ቀለም ጣል ካደረግሽ ደግሞ ያው ተዪው ያልኩሽ አበባ ሆነ። ቶፕ ኮቱን (መጨረሻ ላይ ከላይ የሚቀባውን) ግን ወዲያው እንዳትደርቢ፣ ዲዛይኑን ይጎትተዋል፤ እኔ ስንቴ አበላሽቼበታለሁ። 10 ደቂቃ ያህል ጠብቂ። በማይቀናሽ እጅ ስትሠሪ ክንድሽን ጠረጴዛ ላይ አስደግፊው።