ጥያቄና መልስ፦ የድሮ ናፍጣ መኪና ቱቦ ይቀየር ወይስ ቱርቦ ይጨመር?

ሰሞኑን የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። ግማሹ "የናፍጣው ቱቦ አርጅቷል፣ ምን ልግዛ?" ይላል። ግማሹ ደግሞ "ጉልበት እንዴት ልጨምር?" ይላል። ብዙ ጊዜ ሁለቱንም የሚጠይቀው አንድ ሰው ነው። እኔ ቱቦውን አስቀድማለሁ፤ ለምን እንደሆነ መልሶቹ ውስጥ ታገኙታላችሁ።

ጋሼ፣ ላንድክሩዘር ፒካፕ አለኝ፤ ሞተሩ ዋን ኤች ዜድ ነው። ጠዋት ብዙ ካላስጨነቀኝ አይነሳም። አንዴ ከተነሳ ግን ቀኑን ሙሉ ሰላም ነው። መካኒኩ ፖምፓው ሞቷል አለኝ። ከስር አንድ ጠብታ ናፍጣ የለም።

ፖምፓውን (ናፍጣውን ወደ ኖዝሎቹ የሚገፋውን ፓምፕ) ለጊዜው እንዳታስፈታ። ከሰልባትዮ (ከናፍጣ ታንከሩ) እስከ ፖምፓ ያለው መስመር ናፍጣ የሚሳብበት ነው። ቱቦው ሲሰነጠቅ ናፍጣ አይወጣም፣ አየር ነው የሚገባው። ለዚህ ነው ከስር ምንም ያላየኸው። መኪናው ቆሞ ሲያድር ናፍጣው ቀስ እያለ ወደ ሰልባትዮ ይመለሳል። ጠዋት ፖምፓው የሚያገኘው አየር ነው።

ነገ ጠዋት ቁልፉን ከማዞርህ በፊት ፊልትሮው ላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ እስኪጠነክር ድረስ ተጫነው። ከዚያ ወዲያው ከተነሳ ነገሩ አየር ነው። ለማረጋገጥ ከፊልትሮው ወደ ፖምፓው በሚሄደው መስመር ላይ አንድ ስንዝር ግልጽ ቱቦ አስገባና ሞተሩን አስነሳ። አረፋ ሲያልፍ በዓይንህ ታየዋለህ። ፍተሻው ሲያልቅ ግልጹን ቱቦ አውጣው፤ ሙቀት ያደርቀዋል።

አንድ ደንበኛ ሌላ ጋራዥ ፖምፓውን ሙሉ በሙሉ አሠርቶ፣ ችግሩ ግን ሳይለቀው እኔ ዘንድ መጣ። ሰልባትዮው ጫፍ ላይ ያለችውን አጭር ጎማ ቱቦ በጣቴ ጎንበስ ሳደርጋት ማሰሪያው ሥር እንደ ደረቀ የኩሬ ጭቃ ተሰነጣጥቃለች። ቀጥ ብላ ስትቆም ደህና ትመስል ነበር። ያን ሁሉ ገንዘብ የበላችው እሷ ናት። እስካሁን ይቆጨኛል።

ሶማሌ ተራ ሄጄ የናፍጣ ቱቦ ስጠይቅ "የራዲያተሩም ያው ነው" አሉኝ። እውነት ነው?

አይደለም። የውሃ ቱቦ ናፍጣ ሲነካው ከውስጥ ያብጣል፤ እየተላጠም ፊልትሮውን ይደፍናል። ቱቦው ላይ ለነዳጅ መሠራቱ መጻፉን እይ። "ኤስ ኤ ኢ ጄ30 አር9" የሚል ካገኘህ ሙቀትንም ናፍጣንም በደንብ ይችላል። የውስጡ ስፋት ከብረቱ ቱቦ የውጭ ስፋት ጋር እኩል ይሁን። ሰፊውን በማሰሪያ አጥብቄ እገላገላለሁ ብትል አየር ያስገባል።

የብረቱ ቱቦ ከዛገ በመዳብ አትተካው። መዳብ ናፍጣውን ቶሎ ያበላሻል፤ በመንቀጥቀጥም ይሰነጠቃል። ዚንክ የተቀባ ቧንቧም አይሆንም። ብረት በብረት ይተካ።

ናፍጣውን ሞተሩ ውስጥ ከሚረጨው ኖዝል ጋር የሚያያዘው ቀጭን የብረት ቱቦ ያንጠባጥባል። ይበየዳል?

አይበየድም፤ ይቀየራል። ለመኪናህ የተሠራውን ግዛ፣ ርዝመቱና አጎነባበሱ እንዳይለወጥ። ከዚህ በላይ የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። ሞተሩ እየሠራ የሚወጣበትን ቦታ በጣትህ አትፈልግ። እዚያ ውስጥ ያለው ግፊት ከ100 ባር ይበልጣል፤ የቤት መኪና ጎማ 2 ወይም 3 ባር አይሞላም? ናፍጣው ቆዳህን እንደ መርፌ ይበሳዋል። ካርቶን አስጠጋና ካርቶኑን እይ። እጅህን ከወጋህ ቀዳዳዋ ኢምንት ብትሆንም፣ ባያምህም፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሂድ። በግፊት የተረጨ ናፍጣ እንደገባብህ ንገራቸው። ያደረ ሰው ጣቱን ሊያጣ ይችላል።

እኔም ዋን ኤች ዜድ ነው የምነዳው፤ ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ እመላለሳለሁ። ዓባይ በረሃን ስወጣ ጉልበት የለውም። ፖምፓው ላይ ናፍጣ ይብዛልህ ይሉኛል። ቱርቦስ?

ወንድሜ፣ የጎደለህ ናፍጣ ሳይሆን አየር ነው። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ናት፤ አየሩ ከጅቡቲው ሩብ ያህል ይሳሳል። በረሃውን ወጥተህ ጎሐ ጽዮንም ሆነ ደጀን ስትደርስ ያው ከፍታ ላይ ነህ። አየር ሳትጨምር ናፍጣ ብታበዛ ትርፉ ጥቁር ጭስና ሙቀት ነው።

ቱርቦ አየር በግፊት ወደ ሞተሩ ስለሚያስገባ ይህን ይፈታል፤ አልቃወምም። ግን ይህ ሞተር ያለ ቱርቦ የተሠራ ነው፤ ኮምፕሬሽኑ (አየሩን የሚጨምቅበት መጠን) 22.4 ለ1 ነው፤ ይህ ከፍተኛ ነው። ከግማሽ ባር በላይ እንዲገፋው አልመክርም። የጭስ ሙቀት መለኪያ ጌጅ ካላስገጠምክ ቱርቦውንም ተወው። ያለ ጌጅ ያ ዳገት ፒስተን ያቀልጣል። ራዲያተርና ፍሪሲዮንም አብረው ይታዩ። መጀመሪያ ግን የአየር ፊልትሮውን፣ ኖዝሎቹንና የቫልቩን ክፍተት አስተካክልና አንድ ጊዜ ተመላለስበት። ምናልባት ይበቃሃል።

የኤሌክትሪክ ፓምፕ ብጨምር የአየሩ ችግር ይለቃል?

ይደበቃል እንጂ አይለቅም። አየር ያስገባ የነበረው ስንጥቅ አሁን ናፍጣ ይረጫል፣ እሱም የጋለ ሞተር ላይ። ቱቦውን ቀይር።

አይሱዙ ኤን ፒ አር አለኝ፤ የሚነዳው ሾፌር ነው። ወረፋ ሲበዛ በጀሪካን ይቀዳል። ምን ባስገጥም ይሻላል?

እህቴ፣ ለእርስዎ መልሴ አጭር ነው፦ ከታች መክፈቻ ያለው የውሃ መለያ። ከሁሉም ማሻሻያ በፊት እሱን ያስገጥሙ። ውሃ የገባበት ፖምፓ ከውስጥ ይዝጋል፤ ጥገናውም ከመለያው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሾፌሩ ጠዋት ሞተሩን ሳያስነሳ ከታች ትንሽ ወደ ግልጽ ጠርሙስ ያፍስስ። ጥቂት ደቂቃ ያስቀምጠው። ውሃ ካለ ከናፍጣው ስር ተለይቶ ይታያል። ውሃ ባየበት ቀን ንጹህ ናፍጣ ብቻ እስኪመጣ ያፍስስ፤ ጀሪካኑንም ይለውጥ።