ድራየሩ ልብሱ ሳይደርቅ ለምን ይቆማል?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ አንዲት እህት እንዲህ ብለው ጽፈውልኛል፦

«ድራየሬ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው፤ ስድስት ዓመት ሆኖታል። አውቶማቲክ ላይ ሳደርገው 40 ደቂቃ ያሳየኛል። አሥር ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ድንገት 1 ደቂቃ ላይ ይወርድና ይቆማል። ልብሱን ሳወጣው ሞቋል እንጂ አልደረቀም። ሰዓት ሞልቼ ሳስነሳው ግን ጥሩ አድርጎ ያደርቃል። ጋቢ ብቻ በሰዓትም አስቸግሮኛል። አንድ ባለሙያ መጥቶ አየውና ቦርዱ ተበላሽቷል፣ ይቀየር አለኝ። የጠየቀኝ ብር አዲስ ማሽን ሊገዛልኝ ምንም አልቀረው። ምን ይሻለኛል?»

እህቴ፣ ቦርዱን፣ ማለትም ማሽኑን የሚያዘውን የኤሌክትሮኒክስ ክፍል፣ ለጊዜው ይተዉት። ትልቁን ምርመራ እርስዎ ራስዎ ጨርሰውታል። ሰዓት ሲሞሉለት ማሽኑ ስለ እርጥበት አይጠይቅም፤ የተሰጠውን ደቂቃ ዞሮ ያቆማል። በዚያ መንገድ ልብስዎ በደንብ ከደረቀ ማሞቂያው ደህና ነው፣ ሞተሩም ደህና ነው፣ አየሩም ይወጣል። የሚቀረው እርጥበት የሚለካው ሴንሰር ነው።

ሴንሰር ሲባል ረቂቅ ነገር ይመስላል። በሩን ከፍተው ወደ ውስጥ ያጎንብሱ። ብናኝ የሚያጠልለው ወንፊት ካለበት ቦታ አጠገብ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት የሚያብረቀርቁ ቀጫጭን ብረቶች ያያሉ። በአንዳንድ ማሽን ላይ በከበሮው በስተጀርባ በኩል ናቸው። በቃ፣ ሴንሰሩ እነሱ ናቸው። እርጥብ ልብስ እየዞረ ሁለቱን ባንዴ ሲነካቸው፣ በጣም ትንሽ ኤሌክትሪክ በውሃው በኩል ከአንዱ ወደ ሌላው ያልፋል። ልብሱ እየደረቀ ሲሄድ ማለፉ ይቀንሳል። ለተወሰነ ጊዜ ምንም ካላለፈ ቦርዱ «ደርቋል» ብሎ ይቆማል። ባዶ ድራየር አውቶማቲክ ላይ ቢያስነሱ በጥቂት ደቂቃ የሚቆመው ለዚህ ነው። የእርስዎም ማሽን ውስጡ ልብስ ሞልቶ ባዶ መስሎታል።

ለምን መሰለው? ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የድራየር ሺት ነው፤ ከልብሱ ጋር የሚጨመረው ስስ ጨርቅ መሰል ነገር። በላዩ ላይ ያለው፣ ልብሱን የሚያለሰልሰውና ጥሩ ሽታ የሚሰጠው ነገር ሰም መሰል ቅባት ነው። ሲሞቅ ይቀልጣል፤ ልብሱ ላይም፣ ብረቶቹም ላይ ይቀመጣል። ወራት ሲያልፉ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ይሠራል፤ ኤሌክትሪክ ደግሞ በሰም አያልፍም። ብረቱ ለዓይን እንደ አዲስ ስለሚያብረቀርቅ ሰው ይታለላል። እኔም ሥራው ላይ አዲስ ሳለሁ ተታልዬበታለሁ። የአንድ ሰው ቦርድ ቀይሬ፣ አስነስቼው፣ እንደገና በስምንት ደቂቃ ቆመብኝ። ተንበርክኬ በጥፍሬ ብረቱን ጫር ሳደርገው በመሃሉ መስመር ወጣ፤ ጥፍሬ ሥር ነጭ ሰም ገባ። የሰውየውን ገንዘብ መለስኩለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ካቻቢቴ ከማንሳቴ በፊት ብረቱን በጥፍሬ ጫር አደርጋለሁ። እርስዎም ይሞክሩት።

አጸዳዱ ቀላል ነው። ማሽኑ ይቀዝቅዝ፤ ገመዱን ከግድግዳው ይንቀሉ። የፋርማሲ አልኮል በንጹሕ ጨርቅ ላይ አርገው እያንዳንዱን ብረት ከጫፍ እስከ ጫፍ ጠበቅ አድርገው ይሹት። ጨርቁን እያገላበጡ፣ ብረቱ በጣትዎ ሲነኩት ማንሸራተቱን እስኪተውና ጨርቁ ንጹሕ እስኪሆን ይድገሙት። አልኮል ከሌለ ነጭ አቼቶም ይሠራል። የድስት መፈግፈጊያ ሽቦና የብርጭቆ ወረቀት ግን እንዳያስጠጉበት! ብረቱን ይቧጥጡታል፣ በጭረቱ ውስጥ ደግሞ ቆሻሻው የባሰ ይይዛል። አልኮሉ በደንብ እስኪደርቅና ሽታው እስኪጠፋ በሩን ከፍተው ይተዉት፤ ከዚያ ይሰኩት።

ሲሞክሩት በሁለት ካልሲ አይሞክሩት። ጥቂት ልብስ ብረቶቹን የሚነካው አልፎ አልፎ ስለሆነ ጤነኛ ማሽንም ቶሎ ይቆማል። አምስት ስድስት እርጥብ ፎጣ ይጨምሩና አውቶማቲክ ላይ ያስነሱት። እስኪደርቅ ከሄደ ችግሩ አለቀ። ትንሽ እርጥበት ብቻ ከቀረ፣ የድርቀት መጠን የሚመርጡበትን ቁልፍ አንድ ደረጃ ከፍ ያድርጉት። ጂንስና ስስ ሸሚዝም አብረው አይግቡ፤ ሸሚዙ ቀድሞ ደርቆ ብረቱን ሲነካ ማሽኑ የጂንሱን ኪስ አያውቅለትም።

ካጸዱም በኋላ እንደዚያው በአሥር ደቂቃ ከቆመ ሽቦው ይታይ። ለዚህ ቴስተር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መለኪያ፣ ያስፈልጋል፤ ቴስተር ይዘው የማያውቁ ከሆነ የሚያውቅ ሰው ይጥሩ። ማሽኑ ከግድግዳ ተነቅሎ መሆን አለበት፤ የኤሌክትሪክ ድራየር እዚህ 240 ቮልት ነው፣ አይቀለድበትም። ከብረቶቹ የሚወጡት ሁለት ሽቦዎች የሚሰኩበት ፕላግ ይነቀልና እያንዳንዱ ብረት ከሽቦው ጫፍ ጋር ይለካል። ወደ ዜሮ የተጠጋ ቁጥር ካሳየ ሽቦው ደህና ነው። ምንም ካላሳየ የሆነ ቦታ ተቆርጧል፣ ወይም ፕላጉ ላልቷል። ቀጥሎ በሁለቱ ብረቶች መካከል ይለካ፤ ምንም ማሳየት የለበትም። እርጥብ ጣት ሁለቱ ላይ ባንዴ ሲያርፍ ግን ቁጥሩ ይንቀሳቀሳል። ቦርዱ የሚጠረጠረው ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ሲገኝ ነው። ለእርስዎ ቦርድ ይቀየር ያለዎት ሰው ይህን መለካቱን ይጠይቁት። ብዙ ማሽን ውስጥ፣ ከላይኛው ክዳን ወይም ከፊት ሽፋኑ ሥር፣ የታጠፈ የጥገና ወረቀት አለ። በአንዳንዶቹ ሞዴሎች ወረቀቱ ላይ ባለው የምርመራ ዘዴ ገብተው እርጥብ ጨርቅ ብረቶቹ ላይ ሲያሳርፉ ማሽኑ ጢጥ ይላል። ጢጥ ካለ ሴንሰሩ ሰላም ነው።

የእርስዎ ተቃራኒ የሆነ ጥያቄም ይደርሰኛል፤ «አውቶማቲክ ላይ ሳደርገው አልቆም ይላል» የሚል። ያ ሁለቱ ሽቦዎች ተነካክተው ሊሆን ይችላል፤ ማሽኑ ሁሌም እርጥብ ነገር እየነካ ይመስለዋል። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው አየር ማውጫውን ቱቦ ነው። በብናኝ ከታፈነ እርጥበቱ የሚወጣበት የለውም። የአሜሪካ የእሳት አደጋ አስተዳደር ከ2008 እስከ 2010 ባሉት የፈረንጆች ዓመታት በመኖሪያ ቤቶች በየዓመቱ 2,900 ያህል የድራየር ቃጠሎ እንደደረሰ ገምቷል፤ ዋናው መንስኤ ሳያጸዱ መቅረት ነው። ስለዚህ የእርስዎ ቱቦ ደህና ቢመስልም በዓመት አንዴ ያስጠርጉት። ፕላስቲክ ከሆነ ዛሬውኑ በብረት ይቀየር። ድራየራቸው በጋዝ የሚሠራ ሰዎች ደግሞ ቱቦውን ነቅለው ማሽኑን በጭራሽ እንዳያስነሱ፤ የሚወጣው ጭስ ይገድላል።

ወንፊቱንም ቧንቧ ሥር ያድርጉት። ውሃው ላዩ ላይ ከተጠራቀመ እሱንም ያው ሰም ደፍኖታል፤ በሙቅ ውሃ፣ በሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ ይታጠብ።

የጋቢው ነገር ከሴንሰሩ ጋር አይገናኝም። ጋቢ ድርብርብ ጥጥ ነው፣ ሲዞር ደግሞ ይጠቀለላል። ላዩ ሲደርቅ ውስጡ ገና ውሃ ነው። ለብቻው ያስገቡት፤ ሁለት ደረቅ ፎጣ ይጨምሩበት፤ ጥጡ እንዳይሰበሰብ በዝቅተኛ ሙቀት፣ በሰዓት ይሁን። በየሃያ ደቂቃው አውጥተው አራግፈው ገልብጠው ይመልሱት። ደርቋል ብለው ከማጠፍዎ በፊት ጠርዙን ሳይሆን የመሃሉን ድርብ በእጅዎ ጨብጥ ያድርጉት። ቀዝቀዝ ካለዎት ገና ነው።