«ታጥቤያለሁ አልኩሽ እኮ!»

ስለ መርሳት በሽታ ከጻፍኩ ወዲህ ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ገላ መታጠብና ሽንት ቤት ናቸው። ዛሬ አምስቱን ልመልስ።

ጥያቄ፦ እናቴ 78 ዓመቷ ነው፣ አልዛይመር አለባት። ታጠቢ ስላት «ጠዋት ታጥቤያለሁ» ትላለች። ሦስት ሳምንት ሆናት! ስጨቀጭቃት ትሰድበኛለች።

አትከራከሪያት። እየዋሸችሽ አይደለም፣ እሷ በእርግጥ የታጠበች ነው የሚመስላት። በዚያ ላይ ብርዱ አለ፣ መውደቁን መፍራት አለ፣ ውሃ አናቷ ላይ ሲወርድ መደንገጡ አለ። ለነገሩ በየቀኑ ገላ መታጠብ ግዴታ አይደለም፤ በሳምንት ሁለቴ ከታጠበች፣ በቀሩት ቀናት ፊቷን፣ ብብቷንና ብልቷን በእርጥብ ጨርቅ ማጽዳት ይበቃል። ዕድሜዋን ሙሉ ለእሁድ ቅዳሴ ቅዳሜ ማታ ስትታጠብ ከኖረች ቀኑን አትቀይሪባት።

ሻወሩን ተዪውና በሳፋና በጆግ ሞክሪ። ቤቱ ቀድሞ ይሙቅ፣ ውሃውን በክርንሽ ለኪው፣ ከዚያ ከእግሯ ጀምሪ። እግር ማጠብ እኛ ጋ የአክብሮት ነገር ስለሆነ «እማዬ፣ እግርሽን ልጠብሽ» ሲባሉ እምቢ የሚሉ እናቶች ብዙ አላየሁም። ቀስ እያልሽ ወደ ላይ ትወጫለሽ፣ ፀጉር መጨረሻ ላይ፣ ወይ ሌላ ቀን። እምቢ ካለች ተዪያት። ቡናዋን ጠጥታ ስትረጋጋ ብትመለሺ የቅድሙን ጭቅጭቅ ረስታዋለች። (መርሳቱ ከሚጠቅምባቸው ጥቂት ጊዜዎች አንዱ ነው።)

ጥያቄ፦ እናቴን የማጥባት እኔ ወንድ ልጇ ነኝ፣ ሌላ ሰው የለንም። ልብሷን ላወልቅ ስል ትጮኻለች። እኔም አፍራለሁ።

ብታፍር አይገርምም። እሷ ግን አንዳንዴ ልጇ መሆንህ ጠፍቷት፣ የማታውቀው ወንድ ልብሷን የሚገፍባት መስሏት ይሆናል። የምትቀርባት አክስት ወይ ጎረቤት በሳምንት አንዴ ብትመጣ ትልቅ እፎይታ ነው። ካልተገኘች እርቃኗን አታስቀራት። ሰፊ ቀሚስ ወይ አንሶላ እንደለበሰች ከሥር እጠባት፣ እጇ የሚደርስበትን ራሷ ትጠብ፤ ሳሙና የነካው ጨርቅ በእጇ ስጣት። ሳትነግራት አትንካት፦ «እማዬ፣ አሁን ጀርባሽን ላሽልሽ።» ብልቷ ሲጸዳ ሁሌም ከፊት ወደ ኋላ ነው። ከጡቷ ሥርና ከጣቶቿ መሃል እርጥበት እንዳይቀር።

ጥያቄ፦ አባቴ ኮሪደር ላይ መሽናት ጀምሯል። ዳይፐር ላድርግለት?

ቆይ፣ ገና ነው። በድንገት ከጀመረው መጀመሪያ ሐኪም ይየው፤ አረጋውያን ላይ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ያለ ትኩሳት፣ በመቀባዠር ብቻ ሊገለጥ ይችላል። ያ ካልሆነ ምናልባት ሽንት ቤቱን አጥቶት ነው። በሩን ክፍት ተወው፣ ሌሊት መብራት አይጥፋ፣ በየሁለት ሰዓቱ «አባዬ፣ ና እስቲ» ብለህ ውሰደው። ቀበቶው አስቸግሮት ከሆነ ላስቲክ ያለው ሱሪ ግዛለት። በር ላይ ጥቁር ምንጣፍ ካለ አንሳው፣ ለእሱ ጉድጓድ ሊመስለው ይችላል። ውሃ ግን አትከልክለው! ድርቀት ቢይዘው መቀባዠሩ ይብሳል።

ጥያቄ፦ አያታችን የጥርስ ብሩሹን ይዘው ዝም ብለው ያዩታል።

የወይራ መፋቂያ ስጧቸው። እጃቸው አይረሳውም። አጠገባቸው ሆናችሁ እናንተም ፋቁ፣ አይተው ይከተሏችኋል።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። አዲስ አበባ እናቴን የምታጥባት ሠራተኛችን ናት። እናቴ አንዱን ቀሚሷን አላወልቅም ትላለች። ምን ልላክ?

ሽቶና ሎሽኑ ይቆይ። የማያንሸራትት የመታጠቢያ ቤት ምንጣፍ ላኪ፣ ግድግዳ ላይ የሚታሰር መያዣ አስገጥሚ፤ ተቀምጣ የምትታጠብበት ወንበር ከሰፈር ሱቅ የሚገዛው ጠንካራ ፕላስቲክ ይሆናል። ለልጅቷ ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን የሚተካት ሰው ክፈይላት፣ ይሄ ሥራ ወገብ ይሰብራል። ስትደውዪም «እማዬ እንዴት ናት» ብቻ አትበያት። ያንን አላወልቅም የምትለውን ቀሚስ በተመለከተ፣ ቁርጥ እሱን የሚመስል ሌላ አሰፊላት፤ አንዱ ሲታጠብ ሌላውን ትለብሳለች።